የተቆለፈው ገነት፥ ከመጽሐፍ ወደ ፊልም

ለልጆች ተብለው ከተጻፉት የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች መካከል «ምስጢራዊው ገነት»ን ያህል ፊልም ሠሪን በሩቅ የሚጣራ፥ በቀረቡት ጊዜ ግን መላ የሚያሳጣ መጽሐፍ እምብዛም አይገኝም። በሩቅ የሚጣራበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ መቶ ያህል ክፍል ያለው ጨለማ ቤት፥ በሌሊት ከግድግዳ ማዶ የሚሰማ የልጅ ልቅሶ፥ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሳይከፈት የኖረ በር፥ አፈር ውስጥ የተቀበረ ቁልፍ፥ ይህ ሁሉ ገና ሳይቀረጽ ፊልም ይመስላል። መላ የሚያሳጣው ነገር የሚገለጠው ኋላ ነው። መጽሐፉ 27 ምዕራፎች ሲኖሩት በሩ የሚከፈተው ገና በስምንተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ፥ የበሽተኛውን ልጅ መገኘት ትተን፥ አረም መንቀል፥ መሬት መኰትኰት፥ ዘር መዝራት፥ ዳቦ መብላትና ጥቂት በጥቂት መወፈር ነው። ወንበዴ የለበትም፤ ጦርነት የለበትም፤ ርስት የሚመኝ ዘመድ እንኳ ከጥርጣሬ አልፎ አይታይበትም። ቡቃያ ሲያድግ በዓይን አይታይም፥ የልጅ ጠባይም ሲታረም እንዲሁ፤ እንግዲህ ይህን ዝግታ በመቶ ደቂቃ ውስጥ ለዓይን ማቅረብ የሚቻለው እንዴት ነው?

በ1949፥ በ1993 እና በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሲኒማ ቤት የተሠሩት ሦስት ፊልሞች ለዚሁ ጥያቄ ሦስት የተለያዩ መልሶች ሰጥተዋል። ከሦስቱም መካከለኛው፥ ፖላንዳዊቱ አግኒየሽካ ሆላንድ ያዘጋጁት፥ መጽሐፉን አክብሮ ሳለ መጽሐፉ የሳተውን አንድ ነገር ያቃና ስለሆነ፥ እኔ ከሌሎቹ አስበልጬ የማየው እርሱን ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ብዙው ክፍል ስለ እርሱ ይሆናል።

ታሪኩን ላላነበበ ሰው ጥቂት መናገር ይገባል። ሜሪ ሌኖክስ በቅኝ ግዛት ዘመን በሕንድ አገር ከእንግሊዛውያን የተወለደች ልጅ ነች። አባቷ በመንግሥት ሥራ የተጠመዱ፥ እናቷም ከግብዣ ወደ ግብዣ የሚመላለሱ ውብ ወይዘሮ ስለነበሩ በሞግዚት እጅ ያደገች፥ ልብሷን እንኳ ራሷ ለብሳ የማታውቅ፥ ፊቷ የገረጣ፥ ምላሷ የከረረ ነበረች። ደራሲዋ ይህችን ልጅ ሊያስወድዱን ምንም ድካም አያደርጉም፤ እንዲያውም ገና ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያያት ሁሉ የሚጠላት መሆኗን ይነግሩናል፤ ይህም የልጆች መጻሕፍት ባለታሪኮች እንደ መላእክት ያበሩ በነበረበት ዘመን ድፍረት ነበረ። ከዚያ ኮሌራ ይገባል። ሞግዚቲቱ ትሞታለች፥ ወላጆቿ ይሞታሉ፥ አሽከሮቹ ወይ ይሞታሉ ወይ ይሸሻሉ፤ ልጅቱንም ማንም አላስታወሳትም። በችኮላ ከተተወው ማዕድ ፍራፍሬና ብስኩት ትበላለች፥ ሲጠማትም በብርጭቆ የቀረውን የወይን ጠጅ ጠጥታ እንቅልፍ ይጥላታል፤ ስትነቃ ቤቱ ፍጹም ጸጥ ብሏል፥ በምንጣፉም ላይ አንዲት ትንሽ እባብ ወደ በሩ ስታልፍ ታያለች፤ በዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ በሕይወት የቀሩት እርሷና እባቢቱ ብቻ ናቸው። የልጆች መጽሐፍ እንዲህ ባለ አስፈሪ ጸጥታ ሊጀምር እንደሚችል ለማያምን ሰው ይህን የመጀመሪያ ምዕራፍ ማንበብ ይበቃዋል።

ሜሪ ከዚያ በእንግሊዝ ሰሜን፥ በዮርክሽር፥ ወዳሉት ባለጸጋ አጎቷ ወደ አርቺባልድ ክሬቨን ቤት ትላካለች። ቤቱ የቆመው ዛፍ በሌለበት፥ ነፋስ እንደ ልቡ በሚጋልብበት፥ የእኛው የስሜንና የባሌ ደጋ አስታ ዘመድ የሆነ ቍጥቋጦ እንደ ምንጣፍ በሸፈነው ምድረ በዳ ዳር ነው። ጌታ ክሬቨን ትከሻቸው የጎበጠ፥ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከኀዘን ያልወጡ፥ አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ አገር የሚንከራተቱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው በሚወዱት የጽጌረዳ ገነት ውስጥ የተቀመጡበት የዛፍ ቅርንጫፍ ተሰብሮ በመሞታቸው፥ ባልየው የገነቱን በር ዘግተው ቁልፉን ቀብረውታል። በቤቱም ውስጥ እንዲሁ የተቀበረ ልጅ አለ፤ ኮሊን ይባላል፤ ሲወለድ እናቱ ስለሞቱ አባቱ ሊያዩት አይፈልጉም፥ እርሱም ጀርባዬ ይጎብጣል፥ ሳላድግም እሞታለሁ እያለ በዐልጋው ላይ የሚጮኽ፥ ሁሉን የሚያዝ ትንሽ ንጉሥ ሆኗል። የገረዲቱ የማርታ ወንድም ዲከን፥ ቀበሮና ቁራ የሚከተሉት የገጠር ልጅ፥ ለእነዚህ ሁለት ምስኪን ባለጸጎች መምህር ይሆናቸዋል።

ደራሲዋ ወይዘሮ ፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት በ1849 በማንቸስተር ተወለዱ፤ አባታቸው ሞተው ቤተሰቡ ስለደኸየም በ1865 ወደ አሜሪካ፥ ወደ ቴኔሲ፥ ተሰደዱ። ለመጀመሪያ ጽሑፋቸው የወረቀትና የቴምብር ገንዘብ ያገኙት የዱር ወይን ለቅመው በመሸጥ ነው ይባላል። ብዕራቸው ከድኽነት አወጣቸው፤ ከኀዘን ግን አላወጣቸውም፤ የበኩር ልጃቸው ላይነል በ1890 ዓመቱ 16 ሳለ በሳንባ ነቀርሳ ሞተባቸው። ከ1898 ጀምሮ በኬንት አውራጃ ሜይታም ሆል የተባለውን ትልቅ ቤት ተከራይተው ሲኖሩ፥ በዚያ የነበረውን አሮጌ ባለ ግንብ አጥር ገነት በጽጌረዳ አስሞልተው ሥራቸውን እዚያው ተቀምጠው ይጽፉ ነበር፤ ደረቷ ቀይ የሆነች አንዲት ወፍም ከእጃቸው እስከ መብላት ድረስ ለምዳቸው ነበር። ስለዚህ የመጽሐፉ ገነት የኬንት ነው፥ ምድረ በዳው ግን የዮርክሽር ነው፤ ደራሲዋ ሁለቱን አጋብተው ሌላ ቦታ ፈጠሩ።

ስለ መጽሐፍና ስለ ፊልም ስንነጋገር አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። በ1888 አንድ ሰው «ሊትል ሎርድ ፎንትለሮይ» የተባለውን ዝነኛ መጽሐፋቸውን ሳያስፈቅድ ወደ ተውኔት ለውጦ በለንደን ማሳየት ጀመረ። በዚያን ጊዜ የነበረው የእንግሊዝ ሕግ ልብ ወለድን ወደ መድረክ ለሚያወጣ ሰው በሩን ክፍት ትቶለት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ሰውየው በተውኔቱ ቅጂዎች ውስጥ የመጽሐፉን ቃል በብዛት መገልበጡ ራሱ የደራሲን መብት መድፈር ነው ብሎ ፈረደ፤ የእንግሊዝ ደራስያንም ደስ ብሏቸው ለወይዘሮ በርኔት የአልማዝ አምባር ሸለሙ። ልብ ወለድን ወደ ተውኔት የመለወጥ መብት በሕግ ለደራሲው የጸናው በ1911 ሲሆን፥ «ምስጢራዊው ገነት» በመጽሐፍ መልክ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። መብት ደግሞ ዘመን አለው። በአሜሪካ የዚህ መጽሐፍ የመብት ዘመን በ1987 መባቻ ስላበቃ ማንም ሳያስፈቅድ ሊሠራበት ቻለ፤ ከዚያም በኋላ በዚያው ዓመት አንድ የቴሌቪዥን ፊልም፥ በ1991 በኒው ዮርክ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ተውኔት፥ በ1993 ደግሞ የሆላንድ ፊልም ተከታትለው መውጣታቸው በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ወይዘሮ በርኔት በ1924 ሲሞቱ ዓለም የሚያውቃቸው በፎንትለሮይ ነበር፤ ገነቲቱ ያበበችው ከሞታቸው በኋላ ነው።

ከሦስቱ ፊልሞች በፊት በ1919 የተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ነበረ፤ ዛሬ ግን ቅጂው ጠፍቷል ይባላል። በ1949 ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው የሆሊውድ ኩባንያ በፍሬድ ዊልኮክስ አዘጋጅነት ያወጣው ፊልም ታሪኩን በጥቁርና በነጭ ሲተርክ ቆይቶ፥ ገነቱ አብቦ ሲታይ ድንገት ወደ ቴክኒከለር፥ ማለትም ወደ ዘመኑ ደማቅ ባለ ቀለም ፊልም፥ ይዛወራል። ይኸው ኩባንያ ከዐሥር ዓመት በፊት በ«የኦዝ ጠንቋይ» ተመሳሳይ ዘዴ አድርጎ ተሳክቶለት ነበር። በዚያን ዘመን ባለ ቀለም ፊልም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለነበረ ዘዴው ለገንዘብ ቤቱም ደግ ነበረ ማለት ይቻላል! ተመልካቹ በእርግጥ ይደነቃል፤ ዳሩ ግን ድንቁ እንደ መብረቅ ያለ ነው። ገነቱ የልጆች እጅ ያለማው መሬት መሆኑ ቀርቶ ካንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም መሸጋገሪያ ይሆናል፥ ዝግታውም ተሸነፈ ሳይሆን ተዘለለ።

አግኒየሽካ ሆላንድ በ1948 በዋርሶ የተወለዱ፥ የፊልም ጥበብን በፕራግ የተማሩ፥ በዚያም ሳሉ የ1968ቱን የሶቪየት ጦር መግባት በዓይናቸው ያዩና በፖለቲካ ምክንያት ለጥቂት ጊዜ የታሰሩ ሰው ናቸው። ከዚህ ፊልም ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የሠሩት «ዩሮፓ ዩሮፓ» አንድ አይሁዳዊ ልጅ ማንነቱን ደብቆ ከናዚዎች መካከል እንዴት እንደተረፈ የሚናገር ነው። ብቸኛ የቀረ ልጅ ምን እንደሚመስል የሚያውቁ፥ ልጅነትን በስኳር የማይቀቡ አዘጋጅ ነበሩ ማለት ነው። የፊልሙን ድርሰት የጻፉት ካሮላይን ቶምሰን፥ ካሜራውን የያዙት ኋላ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለሙት ሮጀር ዲኪንስ፥ ሙዚቃውን ያዘጋጁት ፖላንዳዊው ዝቢግኒየቭ ፕራይስነር፥ ከበላይ ሆነው ሥራውን የደገፉት ደግሞ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ናቸው። የሜሪን ቦታ የያዘችው ኬት ማበርሊ በዚያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች፤ የቤቱን ተቆጣጣሪ፥ ወይዘሮ መድሎክን፥ የተጫወቱት ስመ ጥሩዋ ማጊ ስሚዝ ናቸው።

የሆላንድ የመጀመሪያ ብልሃት የልጅቱን ፊት መጠበቅ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ሜሪ ቆማለች፥ ሕንዳውያት ሞግዚቶች ያለብሷታል፤ እርሷ እጇን እንኳ አታነሣም፥ ፊቷም እንደ ድንጋይ ነው። በድምፅዋ ራሷ ስትተርክ ማልቀስ እንደማታውቅ ትነግረናለች። ብዙ የልጆች ፊልም ቢሆን ከዐሥር ደቂቃ በኋላ አንድ ግልገል አምጥቶ ያስቃት ነበር፤ እዚህ ግን ፈገግታዋ የሚመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው፥ በመጣም ጊዜ እንደ ብርቅ እንድናየው አድርጋ አስርባን ትቆያለች። ካሜራውም ይህንኑ ይከተላል፤ የክሬቨን ቤት (ከውጭ የሚታየው በሰሜን ዮርክሽር የሚገኘው አለርተን የተባለው ትልቅ ሕንፃ ነው) ሰማያዊና አመድማ በሆነ ቀዝቃዛ ብርሃን ተሞልቶ ይታያል፥ ሙቀት ያለው ቀለም የሚገባው በቅንጣት በቅንጣት ነው።

ሁለተኛው ብልሃት ጊዜን የሚመለከት ነው። ፊልም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሃያ አራት ነጠላ ሥዕሎችን እያከታተለ የሚያሳይ መሣሪያ እንደመሆኑ፥ ካሜራውን አንድ ቡቃያ ፊት ለፊት ተክለው በየሰዓቱ አንድ ሥዕል ብቻ ቢያነሡ፥ በዐሥር ቀን የተሰበሰበው 240 ሥዕል በሸራው ላይ በዐሥር ሰከንድ ያልፋል፤ ተመልካቹም ግንዱ መሬቱን ሰንጥቆ ሲወጣ፥ እምቡጡ ሲነፋ፥ ጽጌውም ሲፈነዳ ያያል። ሆላንድ በዚህ ዘዴ ተጠቅመዋል፤ ሆኖም በልክ ነው። እንደ ሥርዐተ ነጥብ በትዕይንቶቹ መካከል ጣል ያደርጉታል እንጂ ታሪኩን አያሸክሙትም። ከዚያ ይልቅ ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩን ጥፍሩ ውስጥ አፈር የገባበት የልጅ እጅ፥ ደረቁን ቅርንጫፍ በቢላዋ ፍቆ ከሥሩ አረንጓዴ መኖሩን የሚያሳይ የዲከን ጣት፥ በጭቃ የተበላሸ ቀሚስ ነው። ገነቱ እዚህ ሥራ ነው። ከሥራውም ጋር የሚመጣው የዮርክሽር ገጠር አነጋገር፥ በመጽሐፍ ላይ ለአንባቢ አስቸጋሪ የሆነው፥ በዲከንና በማርታ አንደበት ሲሰማ ያለ ማብራሪያ ልብ ውስጥ ይገባል።

ብዙ ነገር ተለውጧል፥ ለውጡም ሁሉ እኩል አይደለም። ወላጆችን የሚገድለው ኮሌራ መሆኑ ቀርቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኗል፤ ሜሪ በዐልጋ ሥር ተደብቃ ሳለች ቤቱ ይናወጣል፥ ነገሩም በቅጽበት ያልቃል። ለሲኒማ ይመቻል፥ አልክድም፤ ነገር ግን ያች እባብ፥ ያ ጸጥታ፥ ያ የተረሳ ማዕድ አብረው ጠፍተዋል፥ መንቀጥቀጥ ሰውን ይገድላል እንጂ ልጅን አይረሳም። በመጽሐፉ የሜሪ አባት የሟቿ የክሬቨን ሚስት ወንድም ሲሆኑ፥ በፊልሙ ሁለቱ እናቶች መንታ እኅትማማቾች ሆነው አይሬን ጃኮብ የተባሉት ተዋናይት ሁለቱንም ይጫወታሉ። ይህ ለውጥ ግን የሚያስመሰግን ነው፤ ጌታ ክሬቨን በልጅቱ ፊት ላይ የሚስታቸውን መልክ ለማየት የሚፈሩበትን ምክንያት ያለ አንዲት ቃል ያስረዳልና። ቁልፉንም፥ በመጽሐፉ እንዳለው፥ አንዲት ደረቷ ቀይ ወፍ ከአፈር መካከል ማሳየቷ ቀርቶ ሜሪ በሟቿ ክፍል ውስጥ ታገኘዋለች፤ በዚህ ነገር ግን መጽሐፉ ይበልጣል፥ ምክንያቱም በመጽሐፉ ቁልፉን የምትሰጠው ምድር ራሷ ናት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የዲከንና የማርታ እናት፥ ሱዛን ሳወርቢ፥ ከፊልሙ መቅረታቸው ነው። እኒህ ሴት በአነስተኛ ጎጆ ዐሥራ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ፥ የራሳቸው ልጆች ጠግበው የማያድሩ ሲሆኑ ለባለጸጎቹ ልጆች በዲከን እጅ ትኩስ ወተትና ገና ያልቀዘቀዘ ዳቦ የሚልኩ ናቸው። ሜሪንና ኮሊንን ሲያሠቃያቸው የነበረው ችግር፥ መዳናቸው እንዳይታወቅባቸው በቤት ምግብ አንፈልግም እያሉ በረኃብ መሞታቸው ነበር፤ መጽሐፉም ከዚህ የተነሣ ብዙ ሣቅ ያተርፋል። ለሜሪ የዝላይ ገመድ ገዝተው የላኩላት፥ በመጨረሻም ለጌታ ክሬቨን ወደ ቤትዎ ይመለሱ ብለው ደብዳቤ የሚጽፉት እርሳቸው ናቸው። በእርሳቸው ፈንታ ፊልሙ ወይዘሮ መድሎክን አግዝፏል። ማጊ ስሚዝ ለዚህች ደረቅ ሴት ከግትርነቷ በታች ፍርሃትና ፍቅር እንዳለ ስለሚያሳዩን ኪሳራው ይቀላል፤ ነገር ግን በእናት ቦታ ተቆጣጣሪ መተካት ያው መተካት ነው።

አሁን ወደ ኮሊን እንምጣ። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ያደገ አንባቢ ይህን ልጅ ሲያይ 38 ዓመት በዐልጋው የተኛው መፃጉዕ ትዝ ማለቱ አይቀርም፤ ዳሩ ግን የመጽሐፉ ኮሊን እንደ መፃጉዕ እውነተኛ ደዌ የለበትም። ያለበት ፍርሃት ነው። በአንድ ሌሊት ልቅሶው ቤቱን ሁሉ ሲያናውጥ፥ ሁሉም ሲፈራውና ሲያባብለው፥ ሜሪ ገብታ ከእርሱ በበለጠ ድምፅ ትጮኽበታለች፤ ጀርባውን አስገልጣ አከርካሪውን ታየዋለች፥ አንዲት ጉብታ እንኳ እንደሌለ ትነግረዋለች። ልጅን ያዳነው ርኅራኄ ሳይሆን ቁጣ መሆኑ፥ ሁለት ክፉ ልጆች አንዱ ላንዱ መድኃኒት መሆናቸው፥ የደራሲዋ ከሁሉ የላቀ ሐሳብ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ደራሲዋ በዘመናቸው በአሜሪካ ተስፋፍቶ ከነበረው፥ ሐሳብ ሥጋን ይፈውሳል ከሚለው ትምህርት የቀዱትን «አስማት» የሚሉትን ኃይል እያነሡ ብዙ ገጽ ይሰብኩናል፤ እዚህ ላይ መጽሐፉ ይከብዳል። ስብከቱን የሚያቃልለው አንድ ደግ ትዕይንት ብቻ ነው፤ ኮሊን ቆሞ መሄዱን ሲያረጋግጥ ሽማግሌው አትክልተኛ ቤን ውዳሴ ይዘመር ይላሉ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የማያውቀው ኮሊን ምን እንደሆነ ይጠይቃል፥ ዲከንም ቆቡን አውልቆ ለሥሉስ ቅዱስ የሚቀርበውን ምስጋና በዜማ ያሰማል።

ፊልሙ ይህን ትቶ ልጆቹን በሌሊት እሳት ዙሪያ ያስጨፍራቸዋል፤ ሜሪ ከሕንድ ያመጣችው ዓይነት ዝማሬ እያሰሙ አባትየውን ከሩቅ ይጠሯቸዋል፥ እርሳቸውም በባዕድ አገር ሚስታቸውን በሕልም አይተው ይነሣሉ። ከፊልሙ ሁሉ የደከመው ቦታ ለእኔ ይህ ነው። በአንድ በኩል ሕንድ የአስማት አገር ብቻ ሆና ትቀርባለች፤ በሌላም በኩል እስከዚያ ድረስ ሁሉን በአፈርና በድካም ሲያስረዳን የቆየ ፊልም በመጨረሻው ሰዓት በአቋራጭ ይሄዳል።

ነገር ግን ጌታ ክሬቨን ከተመለሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይህን ስሕተት ያስረሳል። በመጽሐፉ አባትየው ወደ ገነቱ በር ሲቀርቡ የሩጫ ኮቴ ይሰማሉ፥ በሩ ይከፈታል፥ እሽቅድምድም ላይ የነበረው ኮሊንም እየሮጠ ወጥቶ ከደረታቸው ላይ ይወድቃል። ጥሩ ነው፥ ፈጣን ነው። በፊልሙ ግን ልጆቹ ዓይንን በጨርቅ ሸፍኖ ጓደኛን በዳሰሳ የመያዝ ጨዋታ ሲጫወቱ ይደርሳሉ፤ ተራው የኮሊን ነው። አባት ቃል ሳይናገሩ ቆመው ሳለ ልጁ እጁን ዘርግቶ ይመጣል፥ ይሄዳል እኮ፥ በእግሩ! የማያውቀውን ፊት አግኝቶ በጣቱ ይዳስሳል፤ ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ ያዕቆብን እንደ ዳሰሰ፥ እዚህ ግን የሚዳስሰው ልጅ፥ የሚዳሰሰውም አባት ነው። ሁለቱ በቅጡ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ስለሆኑ በመጀመሪያ በእጅ መተዋወቃቸው ተገቢ ሆኖ ይታያል። ካሜራው አይቸኩልም፥ ሙዚቃውም አይጮኽም።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ወይዘሮ በርኔት ያልጻፉት ነው። መጽሐፉ ከመካከሉ አልፎ ሲሄድ ልቡ ወደ ኮሊን ያዘነብላል፤ የመጨረሻው ገጽ የአባትና የልጅ ነው፥ ወራሹ ተገኝቷል፥ አሽከሮቹ በመስኮት እያዩ ይደነቃሉ፤ ገነቱን ያገኘችው፥ በሩን የከፈተችው፥ ኮሊንንም ከዐልጋ ያወረደችው ልጅ ግን በዚያ ገጽ ላይ የለችም ማለት ይቻላል። ብዙ አንባብያን ይህን ጉድለት አይተው አዝነዋል። ሆላንድና ቶምሰን ሜሪን አልረሷትም። አባትና ልጅ ሲተቃቀፉ እርሷ ብቻዋን ትቆማለች፤ ለእርሷ የመጣ ሰው የለም፥ አንድ ጊዜ በሕንድ እንደ ተረሳች ሁሉ እዚህም በሌሎች ደስታ መካከል ልትረሳ መሆኑ ይታወቃትና ሮጣ ትሄዳለች። ጌታ ክሬቨን ተከትለው ሲያገኟት፥ ማንም እንደማይፈልጋት እየተናገረች፥ ያች ማልቀስ የማታውቅ ልጅ ታለቅሳለች። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ተጠራቅሞ የቆየው ዕዳ እዚህ ይከፈላል፤ የመሬት መንቀጥቀጡን፥ የእሳቱን ዙሪያ ጭፈራ፥ የሱዛንንም መቅረት ይቅር የምለው ለዚህ ትዕይንት ስል ነው።

በ2020 በማርክ መንደን የተዘጋጀው አዲሱ ፊልም ዘመኑን ወደ 1947፥ ሕንድና ፓኪስታን ወደ ተለያዩበት የደም ዓመት፥ ያመጣዋል፤ ይህ በራሱ መልካም ሐሳብ ነበር። ገነቱ ግን በእንግሊዝና በዌልስ ካሉ ብዙ እውነተኛ ገነቶች ተቀናጅቶ፥ በኮምፒዩተርም ታግዞ፥ ከልጆቹ ስሜት ጋር የሚያብብና የሚጠወልግ ተአምረኛ ስፍራ ስለሆነ፥ ማንም መኰትኰት አያስፈልገውም፤ ቤቱም በመጨረሻ ይቃጠላል። ለዓይን ግብዣ ነው፥ ሌላ ብዙ የምለው የለኝም። ጌታ ክሬቨንን የተጫወቱት ኮሊን ፈርዝ በ1987ቱ የቴሌቪዥን ፊልም ያደገውን ኮሊንን ተጫውተው እንደነበር ግን ለሚወዷቸው ልንገር፤ ከ33 ዓመት በኋላ የራሳቸው አባት ሆነው ተመለሱ ማለት ነው።

የሆላንድን ፊልም ከልጆቹ ጋር ለማየት ለሚያስብ ቤተሰብ፥ ርዝመቱ ወደ 100 ደቂቃ ነው፤ በአሜሪካ ማንም ልጅ እንዲያየው የተፈቀደ ፊልም ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ሩብ፥ ቤት የሚናወጥበትና በጨለማው ኮሪደር ልቅሶ የሚሰማበት፥ ለትንንሾቹ ያስፈራልና ዕድሜያቸው ከሰባት በታች የሆኑትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይሻላል። ትልልቆቹ መጽሐፉን አስቀድመው ቢያነቡት እባቢቱን ያገኛሉ፤ ፊልሙን አስቀድመው ቢያዩ ደግሞ መጽሐፉ ሲያልቅ፥ ሜሪ የት ሄደች? ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።